መወፈር ወይስ መክሳት፦ ለጤና ይበልጥ የሚያሰጋው የቱ ነው?

ይህን በጽሑፍና በመልስ የምንወያይበትን ክር የከፈትሁት በጥምቀት ሰሞን ቤታችን ውስጥ የታዘብሁት ነገር ሳምንታት ቆይቶ ስላስጨነቀኝ ነው። ለበዓሉ ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር የመጣች የአክስቴ ልጅ ገና በር ላይ እንደታየች፣ እናቴ አገላብጣ ስማት ስታበቃ ከስታና ጠቁራ መምጣቷን እያነሣች ምሳ እስኪቀርብ ድረስ ስታዝን ቆየች፤ ልጅቱ ግን በየጠዋቱ ስለምትሮጥ ቀጠን አለች እንጂ አንዳች ሕመም አልነበረባትም። በዚያው ቀን ማታ ቦርጩ ቀበቶው ላይ የተኛ ጎረቤታችን እንኳን አደረሳችሁ ሊል ሲገባ ደግሞ ቤተ ሰቡ በሙሉ እንዳማረበትና እንደደላው ነገረው፤ እኔም አብሬ ነገርሁት። ፋሲካ ሳይደርስ ያ ጎረቤታችን የደም ግፊቱ አሻቅቦ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሰሰና ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለው። ዕድሜው 46 ነው።

ስለዚህ የመክፈቻው ጽሑፌ ጥያቄም ሙግትም ያለበት ነበር። ሰላምታችን የተገለበጠ መሆኑን፣ ለከሲታው እያዘንን ወፍራሙን የምናመሰግነው ባለማወቅ እንደሆነ፣ ከሁለቱ ይበልጥ የሚገድለውም ውፍረት መሆኑን ጻፍሁ። መለኪያውንም አስቀመጥሁ፦ የሰውየው ክብደት በኪሎ ይያዝና፣ ቁመቱ በሜትር ተለክቶ በራሱ ተባዝቶ ለሚገኘው ቁጥር ይካፈላል፤ ውጤቱ ከ18.5 በታች ከሆነ ክሳት፣ ከ25 ጀምሮ ከልክ ያለፈ ክብደት፣ ከ30 ጀምሮ ደግሞ እንደ በሽታ የሚታይ ውፍረት ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው 53 ኪሎ ቢመዝን ከመጀመሪያው ወገን፣ 73 ቢመዝን ከሁለተኛው፣ 87 ቢመዝን ከሦስተኛው ይገባል ማለት ነው። ደም ግፊትን፣ ሁለተኛውን ዓይነት ስኳር በሽታ፣ የልብ ሕመምን፣ በጉበት ላይ የሚከማች ስብን፣ የጉልበት መገጣጠሚያ መበላሸትን፣ በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቋረጥን ዘረዘርሁ፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 ከውፍረት ጋር ያያያዛቸው ካንሰሮች 13 መድረሳቸውንም ጨመርሁ። ክሳትን ግን በአንዲት ዐረፍተ ነገር አልፌው ነበር። ከመልሶቹ አብዛኞቹ የመጡት በዚያች ዐረፍተ ነገር ምክንያት ነው።

1ኛው መልስ አራዳ አካባቢ ከሚኖሩ ጡረታ የወጡ መምህር የመጣ ነበር። ለጎረቤቴ ምሕረቱን እንዲያወርድለት ከጸለዩ በኋላ፣ በውፍረት ጉዳት እንደሚስማሙ፣ ሰላምታውን ግን አላዋቂነት ማለቴን እንደማይቀበሉት ጻፉ። የ1977ቱን ድርቅ ያየ ሰው በገላው ላይ ያለ ሥጋን እንደ ስንቅ ቢቆጥረው እንደማይፈረድበት፣ በዚያ ክፉ ዘመን ሳምባ ምችም ሆነ ተቅማጥ ሲገባ አስቀድሞ የሚወስደው ከሲታውን እንደነበረ አስታወሱ። እናቴ ያዘነችው ልጅቱ ክፉ ቀን ቢመጣባት በምን እንደምትቋቋመው አስባ እንጂ ለመልኳ አለመሆኑንም ገለጹልኝ። በጨዋ ቃል የተጻፈ እርማት ነበርና አመሰገንኋቸው።

2ኛዋ መልስ ሰጪ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ የምትማር ወጣት ስትሆን፣ በእርሷ ዕድሜ ያሉ ሴቶች እኔ ከገለጽሁት በተቃራኒው እንደሚኖሩ ነገረችን። አብራት የምታድር ልጅ ቁርስና እራት ትታ በቡና ብቻ ስትውል ከርማ የወር አበባዋ ለአምስት ወር መቋረጡን፣ አንድ ቀን ጠዋት የመኝታ ክፍሉ ደረጃ ላይ ራሷን ስታ መውደቋን ጻፈች። ሰውነት ስቡ ሲያልቅበት የመውለጃ ሆርሞኖችን እንደሚቀንስ፣ እነዚያ ሆርሞኖች ሲጎድሉም አጥንት ሳይታወቅ እየሳሳ እንደሚሄድ፣ ይህም በሃያ ዓመቷ ያልተሰማት ሴት በስድሳ ዓመቷ ዳሌዋን ሲሰብራት እንደምታውቀው ያስረዳችበት መንገድ በጣም ግልጽ ነበር።

3ኛው በመድኃኒት ቤት የሚሠራ ሰው ሲሆን፣ የጎረቤቴን መውደቅ በቦርጩ ብቻ ማመካኘቴን በትሕትና አረመ። ደም ግፊት በዘር፣ በጨው ብዛት፣ በመጠጥና በዕድሜም እንደሚመጣ፣ መደርደሪያው ፊት ቆመው የግፊት መድኃኒት ከሚገዙት መካከልም ሸንቃጣ ሰዎች ጥቂት አለመሆናቸውን ጻፈ። ትክክል ነው። ውፍረት አደጋውን ያበዛል፤ የአንድን ሰው ሕመም ግን ከሩቅ አይቶ በውፍረቱ ማሳበብ አይቻልም።

ውይይቱ መሠረት የያዘው በ4ኛው መልስ ነው። ጸሐፊው በሕብረተሰብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪውን የሚማር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣና ከአራት አህጉራት 239 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ አቀረበልን። በዚያ ሥራ፣ ያላጨሱና በመነሻው ሥር የሰደደ ሕመም ያልነበረባቸው ሰዎች ብቻ ሲቆጠሩ፣ ሞት ዝቅተኛ ሆኖ የተገኘው መለኪያው ከ20 እስከ 25 በሆነው መካከል ነበር። ከ30 እስከ 35 ባሉት ላይ የሞት ዕድሉ በ45 በመቶ ከፍ ሲል፣ ከ15 እስከ 18.5 ባሉት ከሲታዎች ላይ ደግሞ በ51 በመቶ ከፍ ብሏል። ከ40 በላይ በሆኑት ላይ ግን ሁለት እጥፍን አልፎ ወደ ሦስት ይጠጋል። ጸሐፊው ይህን ካስቀመጠ በኋላ፣ ከሁለቱ የትኛው ይብሳል የሚለው ጥያቄ ምን ያህል መወፈርና ምን ያህል መክሳት የሚለው ሳይነገር መልስ እንደሌለው አመለከተ። እኔ እስከዚያ ሰዓት ድረስ መካከለኛ ክሳት ከመካከለኛ ውፍረት ጋር እኩል ይመዝናል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

5ኛው ሰው ለቦርጭ ለመከራከር የተነሣ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣና 97 ጥናቶችን የጠቀለለ ሌላ ግምገማ መለኪያቸው ከ25 እስከ 30 የሆኑ ሰዎች ልከኛ ክብደት ካላቸው በ6 በመቶ ያነሰ የሞት ዕድል እንዳላቸው ማሳየቱን ጠቅሶ፣ 4ኛው መልስ የሚስማማውን ብቻ መርጦ ማምጣቱን በቁጣ ጻፈ። 6ኛው ሆኖ የተመለሰው ያው የሕብረተሰብ ጤና ተማሪ ግን ነገሩን አልሸሸውም። ቲቢ፣ ካንሰር ወይም የጉበት ሕመም የያዘው ሰው ከመሞቱ ከወራት ወይም ከዓመታት በፊት እንደሚከሳ፣ አጫሽም በአብዛኛው ቀጭን እንደሚሆን፣ እነዚህ ሁሉ ከጤነኛ ቀጭኖች ጋር ሲደመሩ ቅጥነት ራሱ ገዳይ፣ ወፈር ማለት ደግሞ ጠባቂ መስሎ እንደሚታይ አስረዳ። ክሳት አንዳንድ ጊዜ የበሽታ ምክንያት፣ አንዳንድ ጊዜም የበሽታ ምልክት መሆኑን ለይቶ የጻፈበት ክፍል ከክሩ ሁሉ እኔን ይበልጥ ያስተማረኝ ነው። ሰው ሳይጾምና ሳይደክም ሱሪው እየሰፋ ከሄደበት፣ ጥያቄው ስንት ኪሎ ነህ ሳይሆን ምን ያዘህ የሚል መሆን አለበትና።

7ኛውና 8ኛው ስለ ዘይት መወደድና ገበያ ላይ ስለሚጠበሰው ድንችና ብስኩት አንሥተው ጥቂት ተጨዋወቱ። ከዚያ የሚቀረው ቁም ነገር፣ በከተማችን ርካሹ ምግብ ሆድ የሚሞላ እንጂ ገላ የሚጠግን አለመሆኑን፣ አንድ ቤት ውስጥም ወፍራም እናትና የቀነጨረ ሕፃን በአንድ ገበታ ሊገኙ መቻላቸውን ማስታወሳቸው ነው።

9ኛው መልስ ክሩን አጋለው። የጻፈችው ዳባት አካባቢ የምትሠራ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ የመክፈቻው ጽሑፌ ባጃጅ ተሳፍሮ ከፒያሳ አዘዞ የሚመላለስ ሰው ጽሑፍ መሆኑን፣ ጎንደር ማለት ግን ከተማው ብቻ አለመሆኑን ሳታለሳልስ ነገረችኝ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከሴቶች 22 በመቶ ከሲታ ሲሆኑ ከልክ ያለፈ ክብደት ያላቸው 8 በመቶ ብቻ መሆናቸውን፣ ከወንዶች ደግሞ 33 በመቶ ከሲታ፣ 3 በመቶ ወፍራም መሆናቸውን፣ በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 46 በመቶው የቀነጨሩ እንደነበሩ ዘረዘረች። ከዚያም በየቤቱ ይዛው ስለምትዞረው ሙዋክ ስለሚባለው የክንድ መለኪያ ጻፈች። ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ቀለም ያለው ቀጭን ጥብጣብ ነው፤ በሕፃኑ ግራ ክንድ፣ በትከሻና በክርን መካከል ይጠመጠምና ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ሲያነብ ቀይ ነው። ቀዩ ሲመጣ እናትየዋ ቀለሙን ከእርሷ እኩል እንደምታየው፣ ምንም ሳይነገራት ዓይኗ እንባ እንደሚሞላ፣ ከሲታ እናት የምትወልደው ልጅም ብዙ ጊዜ 2.5 ኪሎ ሳይሞላ እንደሚወለድና ያው ጥብጣብ ክንዱ ላይ እንደሚጠብቀው ጻፈች። ይህን ካነበብሁ በኋላ የመክፈቻውን ጽሑፍ ልሰርዘው አስቤ ነበር፤ መልሶቹ ትርጉም እንዳያጡ ስል ተውሁት።

10ኛው ሰው ስፖርት ቤት ያለው ሲሆን፣ በዚሁ ዳሰሳ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 ከልክ ያለፈ ክብደት የነበራቸው ሴቶች 3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ፣ በ16 ዓመት ውስጥ 8 መድረሱ ወዴት እያመራን እንደሆነ እንደሚያሳይ፣ የገጠሩን ችግር አንሥቶ የከተማውን ማድበስበስ ተገቢ አለመሆኑን ጻፈ። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ አነጋገሩ ግን ሠራተኛዋን ዝቅ የሚያደርግ ነበር። 11ኛው በዚያው ልክ ከረረበት፤ የሰው ልጅ ክንድ ሲለካ አይቶ የማያውቅ ሰው ስለ ክሳት አፉን ባይከፍት ይሻል እንደነበር እስከመጻፍ ደረሰ። ሁለቱም ስድብ ባይጨምሩበት መልካም ነበር፤ ከ30 ወደ 22 በመቶ የቀነሰው የሴቶች ክሳትና ከ3 ወደ 8 ያደገው ውፍረት የአንድ አገር ሁለት ጎን ናቸውና አንዱ ሌላውን አያስተባብልም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ በ12ኛው መልስ ያልጠበቅነው ነገር መጣ። ለብዙ ዓመት የስኳር ሕሙማን ክትትል ላይ የሠራች ነርስ፣ እስካሁን የጻፍን ሁላችን ስኳር በሽታን የወፍራም ሰው ሕመም አድርገን መቁጠራችን እንዳሳዘናት ገለጸች። ጎንደር ውስጥ ከገጠር ከሚመጡት የስኳር ሕሙማን ብዙዎቹ ወጣት፣ ወንድ፣ ድኻና እጅግ ከሲታ መሆናቸውን፣ የጎንደር ሐኪሞችም ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2009 ዲያቤቶሎጂያ በተባለው መጽሔት ይህንኑ ጽፈው ከልጅነት ረኃብ ጋር የተያያዘ ስኳር ጉዳይ እንደገና ይከፈት እንደሆነ መጠየቃቸውን አስታወሰችን። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ዓይነት ስኳር እ.ኤ.አ. በ1985 በዝርዝሩ አስገብቶት በ1999 አውጥቶት ነበር፤ ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ግን በ2025 አምስተኛው ዓይነት ብሎ ዕውቅና ሰጠው። በማሕፀንና በሕፃንነቱ የተራበ ልጅ ጣፊያው አጠገብ ያለው ኢንሱሊን አመንጪው ቆሽት በቂ ሆኖ እንደማያድግ፣ ሰውየው ሳይወፍር ስኳር ሊይዘው የሚችለውም በዚህ መንገድ መሆኑን አስረዳች።

13ኛውን የጻፍሁት እኔው ነኝ፤ ስጽፈውም እጄ አልረጋልኝም። ደንቢያ የሚኖር የአጎቴ ልጅ በ24 ዓመቱ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ በኅዳር ሲመለስ ሱሪውን በገመድ አስሮ ነበር የገባው። ባለ አምስት ሊትሯን ቢጫ ጀሪካን ውኃ ጠዋት ይዞ ማታ ባዶዋን ያስቀምጣታል፤ ሌሊት አምስት ስድስት ጊዜ ለሽንት ይወጣል። ወባ ነው ተባለ፣ ካላዛር ነው ተባለ፣ ዓይን በላው ያለም አልጠፋ። አንድ የጤና ተቋም ሁለት ጊዜ የትል መድኃኒት፣ አንድ ጊዜ የወባ ኪኒን ሰጥቶ መለሰው፤ እንዲህ የከሳ ልጅ ስኳር አለበት ብሎ የገመተ አልነበረምና ጣቱን የወጋ ሰው የለም። እኛ ዘመዶቹ ደግሞ ሰውነቱ እንዲመለስለት ብለን በየጠዋቱ አብሽ በማር እናጠጣው ነበር፤ እኔ ራሴ ከጎንደር ሁለት ኪሎ ማርና አንድ ካርቶን ለስላሳ ገዝቼ ወስጄለታለሁ። በመጨረሻ ሲለካ መሣሪያው ቁጥር ሊያሳይ ከሚችለው በላይ ሆኖ ተገኘ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ68፣ ክብደቱ 41 ኪሎ ነበር። ጎረቤቴን እያሰብሁ ክሩን የከፈትሁ ሰው ይህን የገዛ ዘመዴን ታሪክ ለምን በመጀመሪያው ጽሑፍ እንዳላነሣሁት ስጠይቅ፣ መልሱ ያው ነርሷ ያለችው ነው፤ እኔም ስኳርን ከውፍረት ጋር ብቻ አያይዤ የእርሱን እንደ ልዩ አጋጣሚ ቆጥሬው ነበር።

14ኛው መልስ ሰጪ፣ ሐኪም ሳይሆን አይቀርም፣ የእነዚህ ወጣቶች ሕመም የመጀመሪያው ዓይነት ስኳር ሊሆን እንደሚችል፣ አምስተኛ የሚለው ስም በባለሙያዎች መካከል ገና የሚያከራክር እንደሆነ ጠበቅ አድርጎ ጻፈ። ነርሷም ክርክሩ መኖሩን አልካደችም፤ በስሙ ቢለያዩም ከሲታውን ሰው ጣቱን ወግቶ መለካቱ ላይ ሁለቱም ተስማሙ።

15ኛው ወደ ክብደትና ቁመቱ መለኪያ መለሰን። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ንጽጽር፣ በገላቸው ውስጥ ያለው የስብ መጠን እኩል ሆኖ ሲገኝ የኢትዮጵያውያን መለኪያ ከአውሮፓውያን ዘር በ4.6 ያህል ዝቅ ብሎ መገኘቱን ማሳየቱን ጠቀሰ። ይህም ማለት እግረ ረጅሙና ክንደ ቀጭኑ ያገራችን ሰው በቁጥሩ ልከኛ ተብሎ ሳለ በሆዱ ዙሪያ አደገኛ ስብ ሊሸከም ይችላል። ስለዚህ ሜትር ወስዶ ወገብን መለካት፣ ወገቡ ከቁመቱ ግማሽ ካለፈ መጠንቀቅ እንደሚሻል መከረ። አባቴን በዚያው ምሽት ለካሁት፤ ክብደቱ ልከኛ ነው፣ ወገቡ ግን ከግማሽ ቁመቱ በአራት ሴንቲ ሜትር ይበልጣል።

16ኛው ሁለት ጊዜ ቲቢ ይዞት የዳነ የአዘዞ ነዋሪ ነበር፤ መለኪያው በአንድ ቁጥር ሲጨምር ቲቢ የመያዝ ዕድል በ14 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ መታወቁን ጠቅሶ፣ እርሱን መድኃኒቱ ቢያድነውም ያቆመው እህቱ በየቀኑ ያበላችው እንቁላልና ሽሮ መሆኑን ጻፈ። 17ኛዋ ስለ ጾም አነሣች፤ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ ቢቆይ ስኳሩ ወርዶ ሊጥለው እንደሚችል፣ ቤተ ክርስቲያንም ሕመምተኛን በግድ ጹም እንደማትል፣ የንስሐ አባትን ማማከር እንደሚገባ አሳሰበች። አንድ ሁለት ሰዎች በዚህ ላይ ሊከራከሩ ጀምረው ነበር፤ ብዙም አልሄዱበት።

18ኛው ሆነው የተመለሱት የአራዳው መምህር ናቸው። ጀርመኖች ሆላንድን ዘግተው ሕዝቡ በተራበበት እ.ኤ.አ. በ1944ና በ1945 የብርድ ወራት የተፀነሱ ልጆች ካደጉ በኋላ ስኳርና የልብ ሕመም በዝቶባቸው መገኘቱን አንብበው ኖሯል፤ የመጨረሻ ልጃቸው በ1977 የተወለደ መሆኑን፣ ያኔ እናቱ ንፍሮ እንኳ በቀን አንድ ጊዜ እንደነበር የምታገኘው፣ ዛሬ ልጁ ነጋዴ ሆኖ ቦርጭ ማውጣቱንና እርሳቸውም ባዩት ቁጥር ሲያመሰግኑት መኖራቸውን ጻፉ። በማሕፀን ተርቦ በጎልማሳነት የጠገበ ሰው ሁለቱንም አደጋ በአንድ ገላ መሸከሙን ከተረዱ ወዲህ እንቅልፍ እንዳጡ፣ ሰኞ ጠዋት ይዘውት ሄደው ስኳሩንና ግፊቱን እንደሚያስለኩት አስታወቁ።

19ኛውና የመጨረሻው መልስ ጥያቄ ነበር፤ ከጭልጋ አካባቢ የጻፈች እናት የአጎቴ ልጅ ማቀዝቀዣ በሌለበት ደንቢያ ኢንሱሊኑን እንዴት እንደሚያቆይ ጠየቀችኝ። ባለፈው ቅዳሜ ሄጄ ያየሁትን ጻፍሁላት። ሁለት ማሰሮዎች አሉት፤ ትንሹ በትልቁ ውስጥ ተቀምጦ በመካከላቸው ያለው ክፍተት በአሸዋ ተሞልቷል፤ አሸዋውን ጠዋትና ማታ በውኃ ያርሰዋል። ብልቃጡን ውኃ እንዳይነካው በላስቲክ ጠቅልሎ ትንሹ ማሰሮ ውስጥ ያስገባዋል፣ አፉንም በእርጥብ ጨርቅ ይሸፍነዋል። የሚያስቀምጠው ፀሐይ በማይደርስበትና ነፋስ በሚያልፍበት በጓዳው መስኮት ሥር ነው። ብልቃጡ ላይ የተከፈተበት ቀን በእስክሪብቶ ተጽፎበታል፤ አራት ሳምንት ሲሞላው የቀረ ቢኖርም ይተወዋል። አሁን 54 ኪሎ ነው።